ሦስት ነጥብ ዜሮ አራት

የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ የሚረሳው ነገር የለም። ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የተረገጠ ኮሌጅ ሁሉ ይጻፍ ይላል፤ ለአንድ ወር ተመዝግበው የተዉት እንኳ አይቀርም። ከየትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት በቀጥታ ይላካል፤ ኮርሶቹን ደግሞ አመልካቹ ራሱ አንድ በአንድ ይሞላል። ከዚያ ኤምካስ የሚባለው የማመልከቻ ማዕከል ሁለቱን አመሳክሮ ጂፒኤውን በራሱ ቀመር እንደገና ያሰላል። ወድቀው የደገሙት ኮርስ ካለ ሁለቱም ውጤት ይገባል። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ስለነበርኩ አሠራሩ ደስ አለኝ፤ ደንበኛ ኦዲት ነው። ተመርማሪዋ ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮማ የበለጠ ደስ ባለኝ።

ባችለሬን የያዝኩት በአካውንቲንግ፣ በ2.8 ነው። በዲቪ መጥቼ ዓመት ሳይሞላኝ ነበር ትምህርት የጀመርኩት። ቀን እማራለሁ፤ ማታ ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። እዚያ የሠራ ሐበሻ ያውቀዋል፦ ምድር ቤት፣ የመስታወት ሳጥን፣ ከእግር ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ «ቲኬቴ ጠፋ» እያለ የሚጮህ ሰው። መጽሐፍ ይዤ እገባለሁ፤ መኪና ሲመጣ እዘጋዋለሁ፣ ሲሄድ እከፍተዋለሁ። እንዲህ እየሠሩ ኤ የሚሰበስቡ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ዛሬ መሐንዲስ ነው። እኔ ቢና ሲ እየተቀበልኩ፣ ኪራይ እየከፈልኩ፣ አገር ቤትም እየላክሁ ተመረቅሁ። ማንም ጂፒኤ አልጠየቀኝም። ዲግሪ ተባለ፣ ተደገሰ፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የታክስ ናቸው። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከኮሎምቢያ ፓይክ ብዙ ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ የአገሬን ሰው ታክስ እሠራ ነበር። ከጥር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ወንበር አይገኝም። ባለታክሲው፣ ኡበር የሚነዳው፣ ሹሩባ የምትሠራው፣ ምግብ ቤት የከፈቱት ይመጣሉ። የግል ሥራ የሚሠራ ሰው ወጪውን በደረሰኝ ማሳየት አለበት፤ የእኛ ሰው ደግሞ ደረሰኙን የሚያስቀምጠው በፌስታል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረገፋል። የቤንዚኑን ለብቻ፣ የጎማውን ለብቻ፣ የሕክምናውን ለብቻ እከምራለሁ።

በየዓመቱ የሚመጡ አንድ ባለታክሲ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። «ልጄ፣ ሁሉንም አምጥቼልሻለሁ፤ የሚጠቅመውን አንቺ ምረጪ» ይሉና ሻያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ባየሁት ፌስታል ውስጥ የስኳር መለኪያ ስትሪፕና የክኒን ደረሰኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የዓይን ሐኪም ተጨመረ፤ ሌዘር ይላል። ከዚያ የእግር ሐኪም፣ የቁስል ፋሻ፣ በትእዛዝ የተሠራ ጫማ። የክኒኑ ደረሰኝ ግን በመሃል ለወራት ይጠፋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ኢንሹራንሱ ሲቋረጥ እሳቸውም እንዳቋረጡ ነገሩኝ። አላፈሩበትም፤ ወጪ ቀነስኩ እንደሚል ሰው ነው የነገሩኝ።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ የሕክምና ወጪ ከታክስ የሚቀነሰው ከተስተካከለው ዓመታዊ ገቢ 7.5 በመቶ የሚያልፈው ብቻ ነው፤ እሱም ከሌሎች ተቀናሾች ጋር ተደምሮ ከመደበኛው ተቀናሽ ካልበለጠ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለጋሼ በየዓመቱ «ዘንድሮም አልሞላም» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይከፋሉ። አንድ ዓመት ሞላ። ሆስፒታል ተኝተው የእግራቸው ጣት ተቆርጦ ነበር፤ የቤታቸው ዕዳ ወለድ ሲደመርበት ተቀናሹ ከገደቡ ዘለለ፣ ከመንግሥት ተመላሽ መጣላቸው። ቁጥሩን ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። «ተባረኪ! ዘንድሮስ ጥሩ አወጣሽልኝ» ብለው እጄን ጨበጡኝ።

ያን ቀን ማታ ወደ ሕክምና እገባለሁ ብዬ አልተነሳሁም፤ ሰው እንዲህ ሲያወራ አላምነውም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር የሌሎቹንም ፌስታል በሌላ ዓይን ማየት መጀመሬ ነው። ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ደጋግሞ ይመጣል፦ ስትሪፕ፣ ዓይን፣ እግር፣ ኩላሊት። ስኳር ትንንሾቹን የደም ሥሮችና ነርቮችን እንደሚጎዳ፣ ዓይንና ኩላሊት ቀድመው የሚነኩትም በእነዚያ ቀጫጭን ሥሮች ስለሚኖሩ መሆኑን፣ እግር የሚቆስለው ደግሞ ሕመሙ ስለማይሰማ ሰው ሳያውቀው እንደሆነ የተማርኩት ኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ከደረሰኝ ነበር የማውቀው። የማውቀው ደግሞ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ በዓመቱ መጨረሻ ነበር።

ስኳር በየቤቱ ያለ በሽታ ስለሆነ ሕክምና የመማር ሐሳቤን ለሰው ብነግር የሚገባው መስሎኝ ነበር። ቡና ላይ ተነሣ። «ነርስነቱ አይሻልሽም? ቶሎ ያልቃል፣ ደመወዙም ሸጋ ነው» አሉ አንዲት የእናቴ ወዳጅ። ሌላዋ ዕድሜዬን አስልታ፣ ስጨርስ ስንት እንደሚሆነኝ ለቡናው ሁሉ አወጀች። እውነት ለመናገር የነርስነቱ ምክር ትክክለኛ ምክር ነው፤ በዚህ አካባቢ ስንት የሐበሻ ቤት የቆመው በነርስ ደመወዝ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ያ ቅደም ተከተል ነበር፤ የት ላይ ሊቆም ይችል እንደነበር የሚያየው፣ መድኃኒቱንም የሚወስነው ሰው መሆን ፈለግሁ።

ከዚያ ኤክሴል ከፈትኩ። 120 ክሬዲት በ2.8 ማለት 336 ነጥብ ነው። 40 ክሬዲት ሌላ ብማር፣ ያም ሁሉ ኤ ቢሆን፣ 496 ለ160 ሲካፈል 3.1 ይሆናል። ያ ሁሉ ኤ ጨምሮ የሚያመጣው ሦስት አሥረኛ ብቻ ነው። አገሪቱ ውስጥ ኤም.ዲ. ወደሚሰጡት ትምህርት ቤቶች የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ደግሞ 3.8 አጠገብ ነው። አካፋዩ ከከበደ አዲስ ነጥብ አያነሳውም፤ ይህን የሂሳብ ሰው አይከራከረውም። የቀድሞ አመልካቾች «ዲ.ኦ. የሚባሉት ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች የተደገመ ኮርስን አሮጌ ውጤት ይሰርዙልሻል» ብለውኝ ነበር፤ ስመለከት ያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 ቀርቷል።

ያዳነኝ ሌላ መስመር ነው። ኤምካስ ከጠቅላላው ጎን የሳይንስ ጂፒኤ የሚባል ለብቻው ያወጣል፦ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ብቻ። አካውንቲንግ ያጠና ሰው እዚያ ውስጥ ብዙ ዕዳ የለበትም። የእኔ አንድ ካልኩለስ፣ አንድ ስታትስቲክስና አንድ ባዮሎጂ ነበር፤ በድምሩ 10 ክሬዲት፣ ከሲ ብዙም ያልራቀ። በባዮሎጂ ተመርቆ 2.8 ያለው ልጅ ከእኔ የባሰ ችግር ላይ ነው፤ እኔ መዝገቡን ከሞላ ጎደል ከባዶ ነው የምጀምረው። የምክር ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ይህን ሳስረዳት ከወረቀቷ ቀና ብላ «ያሰላሽው ራስሽ ነሽ?» አለችኝ።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባሁ። ስለ ክፍሉ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከእኔ ጋር ላቦራቶሪ የሚሠሩት ልጆች የእህቴ ልጅ እኩዮች ነበሩ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪም እንደሚወራበት ከባድ ነው። የከፋው የጊዜው ነገር ነው። የጸደይ ፈተናዎች የሚወድቁት የታክሱ ወራት ላይ ነው፤ በቀን ስኬጁል ሲ የሚባለው የግል ሥራ የታክስ ቅጽ፣ በሌሊት የካርቦን ሰንሰለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንሹራንስ የሌላቸውን የሚያክም ነጻ ክሊኒክ ውስጥ ደም ግፊት እለካለሁ። 38 ክሬዲት ጨረስኩ፤ ኦርጋኒኩ ቢ ሆኖ ቀሪው ኤ። ጠቅላላው 3.04፣ የሳይንሱ 3.46 ሆነ።

ኤምካት ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነው። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132 ይታረማል፣ ድምሩ ከ472 እስከ 528 ነው። በሳይንሶቹ አልተቸገርኩም። ሁለተኛው ክፍል ግን ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለማያውቁት ነገር ሁሉ የተጻፈ ምንባብ እየሰጠ ጸሐፊው በሆዱ ያሰበውን ንገሩኝ ይላል። 124 ሰጡኝ። ድምሩ 510 ስለሆነ ቅሬታ የለኝም፤ እንግሊዝኛን ካደግሁ በኋላ ለተማርኩት ለእኔ ግን ያ ክፍል ከፊዚክስ ይልቅ ፊዚክስ ነበር።

ዲ.ኦ.ን ለእናቴ ማስረዳት የራሱ ፈተና ነበረው። ኤም.ዲ. ከሚሰጡት ሌላ ኦስቲዮፓቲክ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የመጀመሪያውን አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 ሚዙሪ፣ ከርክስቪል ከተማ ከፈተው። ዛሬ ተመራቂዎቻቸው በ50ውም ስቴት ሙሉ ሐኪም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህም የስፔሻሊቲ ሥልጠናው ከኤም.ዲ.ዎቹ ጋር አንድ ነው። የሚቀበሏቸው ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ ግን ዝቅ ይላል፤ 3.6 ገደማ። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«መድኃኒት ታዣለሽ?»

«አዝዛለሁ፣ እማዬ።»

«ኦፕራሲዮንስ?»

«ከሠለጠንኩበት።»

«ታዲያ ስሙን ምን አስቀየረው?»

መልስ አልነበረኝም። እሷ የምታውቀውና የምትኮራበት አንድ ትምህርት ቤት ሃዋርድ ነበር፤ ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩበት ነው ብዬ ከነገርኳት በኋላማ ከሌላ ቦታ የመጣ ደብዳቤ አልጥማት አለ።

ማመልከቻው በግንቦት መጨረሻ ተላከ። የሥራና የእንቅስቃሴ ዝርዝር የሚሞላበት 15 ቦታ አለ፤ ለእያንዳንዱ 700 ፊደል፣ ከጎኑ ደግሞ የሰዓት ብዛት። ፓርኪንጉን አንድ ቦታ ሰጠሁት፤ በሳምንት 35 ሰዓት፣ ዓመቶቹ ከትራንስክሪፕቱ ዓመቶች ጋር አንድ ናቸው። አንዳንዶች ለድርሰቱ «ስለ ውጤትሽ አስረጂ» ብለው መክረውኝ ነበር። አላስረዳሁም። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው ብዬ ፈረድኩ፤ ማንበብ የሚያውቅ ያነበዋል፣ የማያነብ ደግሞ ቢያለቅሱለትም አያነብም። የድርሰቱን 5,300 ፊደል ለፌስታሎቹ ሰጠኋቸው።

በጋውን ሁሉ ሁለተኛ ዙር ጥያቄ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ድርሰትና የራሱን ክፍያ ይጠይቃል። ሕክምና ለመማር ከመፈቀዱ በፊት ለመጠየቅ ብቻ የሚወጣው ገንዘብ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ከዚያ ዝምታ፣ በመሃል አጫጭር የ«አዝናለሁ» ኢሜይሎች።

ለቃለ መጠይቅ የጠሩኝ ጥቂቶች ነበሩ። ከአንዱ ጋር በዙም ተገናኘን፤ ጠያቂዋ ጸጉረ ነጭ ሴት፣ ፋይሌን ከፍታ የምታነብ። ስለ ኬሚስትሪ ምንም አላለችም።

«ይህ ፓርኪንግ የሚለውን ይንገሩኝ። ቲኬት የጠፋበት ሰው ምን ይከፍላል?»

«የሙሉ ቀን ዋጋ።»

«ሲቆጣስ?»

«እስኪጨርስ አዳምጠዋለሁ። ዋጋውን አልቀይርም፤ ድምፄንም አልቀይርም።»

ሳቀች፤ ጻፈችም። ከዚያ ወደ 2.8 ሄደች፤ ጠንከር ብላ ነው የሄደችው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሕክምና ትምህርት ከባድ መሆኑን፣ ተማሪ ገብቶ ሲወድቅ ዕዳው ከተማሪው ጋር እንደሚቀር ነገረችኝ። ትክክል ነበረች። እኔም ያለፉትን ሴሚስተሮች፣ ከነሥራ ሰዓታቸው፣ በቅደም ተከተል አሳየኋት። ስለ ጋሼ የነገርኳት መጨረሻ ላይ ነው። ተመላሹ ጋ ስደርስ «ደስ አላቸው?» አለች። «በጣም» አልኳት።

አንድ ኤም.ዲ. ትምህርት ቤት ተጠባባቂ አድርጎኝ በዚያው ቀረ። የአንድ ዲ.ኦ. ትምህርት ቤት መልስ የመጣው በመጋቢት፣ ታክሱ በጋለበት ወቅት ነው። ከፊቴ የተፋቱ ባልና ሚስት ልጁን ዘንድሮ ማን በታክሱ ላይ ያስገባው በሚል ይጨቃጨቁ ነበር፤ ስልኬ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን አየሁና ገልብጬ አስቀመጥኩት። እነሱን አስማምቼ፣ አስፈርሜ ከሸኘሁ በኋላ ነው ሙሉውን ያነበብኩት። ቦታ ለማስያዝ ተመላሽ የማይሆን ክፍያ ይጠይቃል፤ በክሬዲት ካርድ ከፈልኩት። ከዚያ በልማድ፣ ይህን ከራሴ ታክስ ልቀንሰው እችል እንደሆነ ሕጉን ገለጥኩ። አይቀነስም። ሰውን ለአዲስ ሙያ የሚያበቃ ትምህርት እንደ ሥራ ወጪ አይያዝም።