የድንጋይ ሽበት

ከአራዳ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ፥ ቤት ከቤት ተደጋግፎ የቆመበትን የዶሮ ማነቂያን ሠፈር ያውቀው ነበር። ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ፈርሷል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። አሮጌ ድንጋይ በተነሣ ጊዜ ግን ማንም ሳያስተውለው አብሮ የሚጠፋ አንድ ፍጥረት አለ፤ ይኸውም በአገራችን የድንጋይ ሽበት የሚባለው ነው።

ለዓይን ዝገት ወይም የፈሰሰ ቀለም ይመስላል፤ ነገር ግን ሕይወት አለው። ያውም አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ሲሞን ሽቬንደነር እ.ኤ.አ. በ1867 እንዳስረዳው፥ ፈንገስና አልጌ በአንድነት የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ፈንገሱ መጠለያ ሆኖ እርጥበት ይይዛል፤ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። በድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት የሚጣበቀው ዓይነት በዓመት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ የማያድግበት ጊዜ ስላለ፥ መዳፍ የሚያህል ሽበት የአንድ ሰው ዕድሜ ሊፈጅ ይችላል።

ከዚህ ወገን በወንዝ ውስጥ የሚኖርም አለ። ቬሩካሪያ የሚባለው እንደ ስስ ቅርፊት በድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ ዴርማቶካርፖን የሚባለው ቅጠል ይመስላል። አንዳንዱ ዘወትር ከውኃ በታች፥ አንዳንዱ ፍንጣሪ ብቻ በሚደርስበት፥ ሌላውም ወንዙ ሲሞላ ብቻ በሚርስበት ከፍታ በየተራው ይሰለፋል። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው የወንዙን ሙላት ልክ ከድንጋዩ ላይ ያነባል።

ለመኖር የሚፈልገው ጎርፍ የማያንከባልለው ድንጋይ፥ ብርሃን የሚያሳልፍ ኩልል ያለ ውኃና ከደለል የጸዳ ገጽ ነው። ሥር ስለሌለው፥ የሚያገኘውን ሁሉ በመላ ሰውነቱ ይቀበላል፤ መርዙንም ቢሆን። ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ የሉክሰምበርግን የአትክልት ሥፍራ መርምሮ፥ ይህ ፍጥረት የአየር ጤንነት መለኪያ መሆኑን ጽፏል። ለውኃም እንዲሁ ነው።

ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን የሚያቋርጡት ወንዞች ለብዙ ዘመን የቤትና የፋብሪካ ቆሻሻ ሲሸከሙ ኖረዋል። ስለዚህ የውኃ ሽበትን የሚሻ ሰው ከድልድዩ በታች ሳይሆን ወደ ላይ፥ ወንዙ ገና ወደ ከተማው ሳይገባ ይፈልግ። ወደ እንጦጦ ጠበል የሚሄዱ ቤተ ሰቦች በመንገዳቸው ከጅረቱ ዳር ቆም ብለው፥ ድንጋዩን ሳይፍቁ፥ ለልጆቻቸው ቢያሳዩ መልካም ነው።

ቤት በጥቂት ቀን ይፈርሳል፤ በጥቂት ወርም ይሠራል። የወንዝ ዳርም በድንጋይ ንጣፍና በአበባ ፈጥኖ ሊያምር ይችላል። ውኃው በእውነት መንጻቱን የሚመሰክረው ግን፥ ከድልድዩ ሥር ያለው ድንጋይ ዓመታት ቆጥሮ ሽበት ያወጣ እንደ ሆነ ነው።