የማን ግጥም ነው?

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ዳርን። ማታ ላይ፣ ትልልቆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ ዲጄው አንድ የድሮ ዘፈን ለቀቀና አዳራሹ በሙሉ አብሮ ዘፈነ። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሳይቀሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያውቁታል። ሙሽራዋ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እንዴት ያለ ግጥም ነው! እርስዎ መቼም አያጡትም፤ የማን ነው?» አለችኝ። የዘፋኙን ስም ነገርኳት። «እሱንማ አውቃለሁ፤ ግጥሙን ነው የምልዎት» አለች። ጥሬ ሥጋው እያለቀ ነው ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሰብኩት፣ አትሳቁብኝና፣ ኬኒ ሮጀርስን ነው። በተማሪነታችን «ዘ ጋምብለር» የተባለውን ዘፈኑን ካሴቱ እስኪንሻፈፍ ሰምተነዋል፤ ለእንግሊዝኛ መለማመጃ ብለን ቃል በቃል ገልብጠነዋል። ያን ሁሉ የቁማርተኛ ምክር ሽበታሙ ኬኒ ከገዛ ሕይወቱ የቀዳው ይመስለን ነበር። ለካስ ደራሲው ዶን ሽሊትዝ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ኖሯል። በ1976 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ናሽቪል ከተማ፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። ሌሎች ከሞከሩት በኋላ ኬኒ በ1978 ዘፈነው፤ ኬኒ በ2020 ሲሞትም ስሙ ከዚያ ዘፈን ጋር ተነሣ።

የከንትሪ ሙዚቃ ከተማ ናሽቪል የምትኖረው በዚህ ዓይነት ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይዘፍናል፣ የሙዚቃ አሳታሚው በመካከል ሆኖ ገንዘቡን ይሰበስባል። በአሜሪካ አንድ ተራ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን ባሰማ ቁጥር የሚከፍለው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው፤ ዘፋኙ ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለች ስም ለክብር ብቻ አይደለችም፤ እንጀራም ናት።

እንጀራ ሲጠፋ ግን ስምም ይሸጣል። ዊሊ ኔልሰን ገና ሳይታወቅ፣ ልጆች እያሳደገ፣ «ፋሚሊ ባይብል» የተባለውን ዘፈኑን በ50 ዶላር ሸጦታል። በ1960 ዘፈኑ ሲወደድ በደራሲነት የተጻፉት ሌሎች ነበሩ። በተቃራኒው ዶሊ ፓርተን አለች፤ ቴነሲ ውስጥ ከ12 ልጆች አራተኛ ሆና በድህነት ያደገች። በ1974 ያወጣችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ፣ ሥራ አስኪያጁ የአሳታሚነት መብቱን ግማሽ ካልሰጠሽ አለ። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ እምቢ አለች። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ስትዘፍነው በአሜሪካ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆነ። ዶሊን አደንቃታለሁ፤ ዊሊን ግን አልወቅሰውም። እሷ እምቢ ባለች ጊዜ ስም ያላት ዘፋኝ ነበረች፤ እሱ የቤት ኪራይ ነበረበት።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሦስተኛው ሰው ነው፤ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን። የጄኔራል ልጅ ነው። ኦክስፎርድ ድረስ ሄዶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ ከዚያ የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆነ። በ1965 ዌስት ፖይንት በሚገኘው የጦር አካዳሚ ሥነ ጽሑፍ እንዲያስተምር ሲመደብ፣ ሹመቱንም ሠራዊቱንም ትቶ ዘፈን ሊጽፍ ናሽቪል ገባ። ያገኘው ሥራ የኮሎምቢያ ሪከርድስን ስቱዲዮ ወለል መጥረግ ነበር። ቤተሰቡ ልጃችን አይደለህም እስከማለት ደረሰ። ከዓመታት በኋላ ጆኒ ካሽ የሱን ግጥም ዘፈነ፤ ጃኒስ ጆፕሊን የዘፈነችው «ሚ ኤንድ ቦቢ መጊ» ደግሞ እሷ ከሞተች በኋላ፣ በ1971፣ አንደኛ ወጣ። እሱ በ2024 በ88 ዓመቱ ሲያርፍ ያን ሁሉ ዘፈን የጻፈው ማን እንደሆነ የጠፋው ሰው አልነበረም።

እኔስ? እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ አንድ ዘፋኝ በወዳጅ በኩል መጥቶ ግጥም ጠየቀኝ። በሁለት ሌሊት ጻፍኩለት። የወር ደመወዜን ግማሽ የሚያህል ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። የካሴቱ ሽፋን ሊታተም ሲል ስልክ ደወለና ስሜ እንዴት እንዲጻፍ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። «ስሜ አይውጣ» አልኩት። «ምነው መምህር፣ ጥሩ ግጥም እኮ ነው» አለኝ። «ከፍለኸኛል፤ ይበቃል።»

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ቅኔ እያስተማርኩ ነበር። የአዝማሪን ግጥም ከሕዝብ ጥበብ አስበልጬ አወድስ ነበር፤ በሻይ ሰዓት ባልደረቦቼ «አዝማሪው መጣ» እንዳይሉኝ ግን ፈራሁ። ዘፋኙ ክፍት ቦታ መተው ከብዶት ሽፋኑ ላይ «ግጥም፦ ከወዳጅ» ብሎ አሳተመ።

በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ሲወጣ በዚህ ገጽ ደግፌ ጽፌያለሁ፤ በድርሰታቸው ሌላው ስለከበረባቸው ደራሲዎች ተቆርቁሬ። ጥሩ ሕግ ነው። የተነጠቀን ሰው ይረዳል። የገዛ ስሙን በሃፍረት የደበቀን ሰው ግን በምን አንቀጽ ይረዳዋል? እኔን ማንም አልነጠቀኝም። ክሪስቶፈርሰን ወለል ሲጠርግ ያላፈረበትን እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አፈርኩበት።

እሁድ ሙሽሮቹ ለምሳ ይመጣሉ። ካሴቱን ከቁም ሳጥን አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ። ካልጠየቀችኝም እነግራታለሁ።