የጨፌው አረቦን

እድር የሚሠራው ሞት በየተራ ስለሚመጣ ነው። ዛሬ እኔ ቤት ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤቴ ወንበርና ድስት ተሸክሞ ይመጣል። በሌላ ጊዜ እሱ ቤት ይሆንና እኔ እሄዳለሁ። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሌሊት ቢያዝን ግን ድንኳኑ ማን ቤት ይተከላል? ንፍሮውንስ ማን ለማን ይቀቅላል? ጎርፍ እንደዚያ ያለ ነገር ነው። ወንዝ ሲሞላ ተራ አይጠብቅም፤ ዳር ዳሩን የዘራውን ሁሉ አንድ ላይ ይወስዳል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አጎቴ ነው። በዳንግላ ወረዳ፣ ክልቲ ወንዝ ዳር፣ ሁለት ቃዳ ማሳ አለው፤ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። በቆሎ ይዘራበታል፣ ማዳበሪያውን በብድር ይወስዳል። ጎርፍ ሲመጣ በቆሎው ይሄዳል፣ ዕዳው ግን አይሄድም። ባለፈው ዓመት ደውሎ፣ "የእህል ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አለ ይላሉ። አንተ የኮምፒዩተር ሰው ነህ፤ ለኛ ይሆናል ወይ?" አለኝ። የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ኮድ መጻፍ ነው። "ላጣራና እነግርሃለሁ ጋሼ" አልኩት። ማጣራቱ ካሰብኩት በላይ ራቀ።

የኛ አገር የሰብል መድን ታሪክ በብዛት የድርቅ ታሪክ ነው። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ በምትባል መንደር ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበር ረድኤት ትግራይ፣ ንያላ ኢንሹራንስ፣ ስዊስ ሪና ሌሎችም ሆነው 200 አባወራዎችን ይዘው ጀመሩ። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ እንዲከፍል ተደረገ። ካሳውም የሚከፈለው ገምጋሚ ማሳ ለማሳ ዞሮ አይደለም። በሳተላይት የሚለካው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ በዚያ አካባቢ ላለ ደንበኛ ሁሉ ይከፈላል። ኢንዴክስ የሚሉት ይህን ነው። ሥራው በኋላ ወደ አማራ ክልልም ተሻግሯል።

ድርቅም እንደ ጎርፍ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚመታው። ታዲያ እድሩ እንዴት አልፈረሰም? መልሱ ጠለፋ መድን ነው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ነገሩ የእድሮች እድር ነው። የኛ ኩባንያ ከአረቦኑ ቆርሶ ለትልቁ ኩባንያ ይከፍላል፤ ትልቁ ደግሞ ከጃፓንም ከብራዚልም እንዲሁ ይሰበስባል። ትግራይ ሲደርቅ ጃፓን አብራ አትደርቅም። ተራው በዓለም ደረጃ ተመለሰ ማለት ነው።

አዊ ግን ዝናብ የማያጣ አገር ነው። ዳንግላ በአማካይ በዓመት ከ1500 ሚሊሜትር በላይ ታገኛለች፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠኝ እጁ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይወርዳል። እንጅባራ ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። የአጎቴ ችግር "ዝናብ ጠፋ" ሳይሆን "ውኃው መጣ" ነው። እዚህ ላይ ነው ኢንዴክሱ የሚያስቸግረው።

ድርቅ ሰፊና ዝግተኛ ነው፤ ከሰማይ ይታያል። ደራሽ ጎርፍ ጠባብና ፈጣን ነው። ለዝናብ ግምት በብዛት ከሚሠራባቸው ዳታዎች አንዱ ቸርፕስ ይባላል፤ አንዷ ፒክስል በግምት 5 ኪሎሜትር በ5 ኪሎሜትር ናት። ሳሰላው የአጎቴን ዓይነት 5000 ማሳ አንድ ፒክስል ውስጥ ይገባል። ከነዚያ ውስጥ ወንዙ የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ለፒክስሏ ግን ሁሉም እኩል ናቸው። በፎቶ እንይ ቢባል ሐምሌና ነሐሴ የኛ ሰማይ በደመና የተከደነ ነው። በደመና ውስጥ የሚያየው ራዳር በበኩሉ በቀናት ልዩነት ነው የሚያልፈው፤ ክልቲ በሌሊት ሞልቶ ረፋድ ላይ ሊጎድል ይችላል።

ደግሞም ጎርፍ ዝናቡ ከጣለበት ቦታ ላይ አይቆይም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የገደለው የደቻቱ ጎርፍ ከከተማዋ በላይ ካሉት ደጋዎች ነው የመጣው። በዚያው ክረምት ኦሞ ሞልቶ በመቶ የሚቆጠር ሰው ወሰደ፤ ጣና ዳር ፎገራና ደንቢያ በውኃ ተያዙ። የኛም ክልቲ ወደ ግልገል አባይ፣ ግልገል አባይም ወደ ጣና ነው የሚወርደው። አንዱ ጋ ዘንቦ ሌላው ይጎዳል፤ የዝናብ ኢንዴክስ ለዘነበበት ከፍሎ የተወሰደበትን ሊያልፈው ይችላል።

በሀብታም አገርስ? አሜሪካ ውስጥ የግል ኩባንያዎች ከጎርፍ ስለሸሹ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ራሱ መድን ሰጪ ሆነ። የሚገዛው በብዛት ውኃ የሚያሰጋው ሰው ነው፤ እድሩን የሚያዘው ከተራራ ላይ ያለው ሰው ብዙም አይገባበትም። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመጣ በኋላ ፕሮግራሙ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ምክር ቤቱ 16 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘለት። ይህን ሳነብ ነገሩ የድህነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ከዚህ በኋላ አጎቴን መልሼ ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ የወንዝ ዳሯን ማረስ ከጀመርክ ስንት ዓመት ሆነህ?"

"አሥራ አራት።"

"ስንቴ ወሰደብህ?"

ቆጠረ። ዓመቱን በቁጥር አይደለም የሚያስታውሰው፤ ጊደሯ የወለደች ጊዜ፣ ልጁ የታመመ ጊዜ እያለ ነው። "አምስቴ" አለ።

ሒሳቡ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። ማሳው 14 ኩንታል ይሰጣል እንበል። በ14 ዓመት አምስት ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ትክክለኛው አረቦን በየዓመቱ 5 ኩንታል ያህል ነው፤ የኩባንያው ወጪና ትርፍ ሳይጨመር። በአሥር ዓመት አንዴ ቢሆን 1.4 ኩንታል ይበቃ ነበር፤ እሱን መነጋገር ይቻላል። መድን አልፎ አልፎ ለሚመጣ ትልቅ ጉዳት ነው። በየሦስት ዓመቱ ለሚወሰድ ማሳ የሚሆን መድን የለም፤ "አትዝራበት" የሚል ምክር ነው ያለው።

ይህን ስነግረው ሳቀ። "እሱንማ አባቴም ያውቅ ነበር" አለ። ለካ የወንዙ ዳር ድሮ ጨፌ ነበር፤ የከብት መዋያ። ውኃው ሲመጣ ከብት ወደ ላይ ይነዳል፣ ሲሄድ ሳሩ ለምልሞ ይገኛል። እነ አያቴ ያንን መሬት ባለማረስ አረቦን ይከፍሉ ነበር ማለት ነው፤ በቆሎ ሳይሆን ሳር በማግኘት። ውሉ አልተጻፈም እንጂ መድን ነበር።

ያ ውል የፈረሰው አርሶ አደሩ ስለጃጀለ አይደለም። በክልላችን ትልቁ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። እኔ በዚያ ዘመን ነው የተወለድኩት፤ የአጎቴ ልጅ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ዛሬ 22 ዓመቱ ነው፤ የራሱ መሬት የለውም። የላይኛው ማሳ ለአባትና ለልጅ ሲከፈል ለማንም አይበቃም፤ ስለዚህ ማረሻው ወደ ወንዙ ወረደ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ሸጠህ ሌላ ቦታ ግዛ የሚባል ነገርም የለም።

"ሳር ዝራበት" ስለው አጎቴ ዝም አለና፣ "ሳሩን ልጄ ይብላው?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የማውቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየሦስት ዓመቱ የሚወሰደውን ማሳና በአሥር ዓመት አንዴ የሚነካውን ማሳ ሳይለይ የሚመጣ የጎርፍ መድን ወይ ይከስራል ወይ ገበሬውን ያከስራል። ሁለተኛ፣ ለመለየት መዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡ ደግሞ ከሰማይ ብቻ አይመጣም።

ይቻላል ወይ ለሚል፣ እዚያው ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንግሽታ ቀበሌ ተደርጓል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው የዝናብ መለኪያ አኖሩ፣ ወንዝ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ተከሉ። የሚለኩት፣ የሚጽፉት ገበሬዎቹ ናቸው፤ የጉድጓዶቻቸውንም ውኃ ከፍታ ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንዳሳየው የገበሬዎቹ የዝናብ መዝገብ ከሳተላይት ግምት የተሻለ ነበር።

አጎቴ ዘንድሮ ግማሹን በቆሎ ዘራ፤ ከወንዙ የሚጠጋውን ግማሽ ለሳር ለቀቀ። ሳሩን እየቆረጡ ሁለት በግ ለማደለብ ነው ሐሳቡ፤ ያዋጣ አያዋጣ ገና አልታወቀም። ልጁ በየ10 ሳንቲሜትሩ ቀለም የተቀባ የባሕር ዛፍ ዘንግ ወንዙ ውስጥ ተክሏል። ጠዋትና ማታ አንብቦ በቴክስት ይልክልኛል፤ እኔ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባለሁ፤ ለሱም በወር ትንሽ ገንዘብ እልካለሁ። አንድ ክረምት ለመድን ሂሳብ ምንም ማለት አይደለም፤ ቢያንስ አሥር ያስፈልጋል። ትናንት የላከው "1 ሜትር ከ40፣ ማታ፣ እየጨመረ ነው" ይላል።