ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

የአያቴን ቤት ለማደስ ስንነሣ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የሳሎኑ ግድግዳ ነበር። ቤቱ ጉለሌ የሚገኝ፣ በባሕር ዛፍ ማገር ላይ ጭቃ የተመረገበት፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነ የዱሮ ቤት ነው። ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ ቀይ ጽጌረዳ ያለበት የግድግዳ ወረቀት ለብሷል። ወንድሞቼ ተልጦ ቀለም ይቀባ አሉ። እኔ ቁጥር የተማርኩት እነዚያን አበቦች በጣቴ እየነካሁ ነውና እንደነበረው መልሼ አሠራዋለሁ ብዬ ለመንኳቸው።

መጀመሪያ ዕድሜውን ፈለግሁ። የተነሣ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሼ ስገልጠው ከሥሩ ጋዜጣ ወጣ፤ አዲስ ዘመን፣ 1949 ዓ.ም.። ነፋስና አቧራ እንዳያስገባ የጭቃ ግድግዳን በጋዜጣ መለጠፍ በየቤቱ የታወቀ ነበር። እንግዲያው አበባው የተለጠፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ የቅጠሉ አረንጓዴ ያሳደረብኝን ሥጋትም አቀለለልኝ። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ብዙ የግድግዳ ወረቀት አርሴኒክ ባለበት አረንጓዴ ይታተም ነበር፤ ብናኙ መርዝ ነው።

ቀጥዬ ሜትር ያዝኩ። ግድግዳው 4 ሜትር ከ77 ይረዝማል፤ ከፍታው 2 ሜትር ከ40 ነው። ወረቀቱ እንደ ተለመደው የአውሮፓ ጥቅል 53 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ የአንዱ ጥቅል ርዝመት ደግሞ ወደ 10 ሜትር ነው። ከአንድ ጥቅል አራት ቁራጭ፣ ከሁለት ጥቅል ስምንት ይወጣል። ግድግዳው ግን ዘጠኝ ለብሷል። ለአንድ ቁራጭ ሲባል ሦስተኛ ጥቅል ተገዛ? ከሆነስ የተረፈው የት ሄደ?

ዘጠነኛው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነበር። ሳጥኑን ስንገፋው እርጥበት ከወገቡ በታች በልቶታል። የቀረው አበባ ከሩቅ ያው ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ወረቀቱ ኖራ የተቀባ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ቀዩም ለስፌት አለላ የሚነከርበት ቀለም ሆኖ ተገኘ፤ ኖራው ውስጥ ሰርጎ ዳር ዳሩ ደብዝዟል። በየቅጠሉ ዙሪያ ደቃቅ የከሰል ነጠብጣብ ተሰልፏል።

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አክስቴን ጠራኋቸው። ጣታቸውን ነጠብጣቡ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«የአያትሽ የጥልፍ ነው» አሉኝ። «ቀሚስ ልትጠልፍ ስትል ሥዕሉን ወረቀት ላይ ታወጣና በመርፌ ትበሳዋለች። ከዚያ የከሰል ዱቄት በጨርቅ ቋጥራ መታ መታ ታደርግበታለች። ሁለቱን ጥቅል እንኳ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላት ነው የገዛችው። ሦስተኛውን በምኗ ትግዛው ልጄ?»

አበባውን ላሳትም የሄድኩበት ማተሚያ ቤት ባለሙያ ዘጠኙንም አንድ ዓይነት አድርጌ ላትምልሽ አለኝ። እሺ አላልኩም። በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ላይ እንዲቆም ያዛል። እዚህ ግምት የለም፤ ዘጠነኛው በእጅ የተሠራ ነው፣ በእጅ መሠራት አለበት። ስምንቱን አሳተምኩ። የአያቴን ቁራጭ ልጬ በንጹሕ አቡጀዲ ላይ ዘረጋሁት። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ከሱ ወደ ሌላ ወረቀት አውጥተው በመርፌ በሱት፤ እኔ ያንን በአዲሱ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ከሰሉን መታሁ። አንዱን ጠማማ ቅጠል ላቃና ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዪው፤ እሷም አላቃናችውም።»

ዛሬ ጠዋት በስንዴ ዱቄት ኮላ ለጠፍነው። ወንድሞቼ ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው ሊመልሱ ሲያነሡት አክስቴ በምርኩዛቸው ወደ ሌላው ግድግዳ አመለከቷቸው።