ጦም ያደረ መሬት

የደብረ ታቦር የንጋት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፡፡ ትናንት በዚያ ብርድ ታናሽ ወንድሜን የመሮጫ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት፡፡ በዋዜማው 200 ሜትር 10 ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ሮጦ ነበርና ከመደቡ የተነሣው ግድግዳ ተደግፎ ነው፡፡

«ዛሬስ ዕረፍ» አልኩት፡፡

«ጋሼ፣ ምርጫው እኮ ደረሰ! ያረፈ ሰው ምን ያገኛል?»

መልስ አጣሁ፤ በእሱ ዕድሜ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበርና፡፡

በልጅነቴ የአበበ ቢቂላን ታሪክ ሰማሁ፡፡ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ፡፡ ከዚያም ሣሩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹን ያፍታታ ጀመር፡፡ እኔ ከዚህ የተማርኩት ጀግና እንደማይደክም ነበር፡፡ ስለዚህ ሕመምን በሕመም አሸንፋለሁ ብዬ በየቀኑ በፍጥነት ሮጥሁ፡፡ አንድ ማለዳ የጭኔ የኋላ ጡንቻ እንደ ክራር ክር ተበጠሰ፡፡ ከዚያ ወዲያ ለውድድር አልቆምኩም፡፡

እውነቱን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፡፡ ብርቱ ሩጫ ጡንቻን በዓይን የማይታዩ ቁስሎች ያቆስለዋል፤ የሚያጠነክረው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥገና ነው፡፡ ለሕመሙ ተጠያቂ የምናደርገው ላክቲክ አሲድ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል፤ ሕመሙ ግን የሚበረታው በማግሥቱና በሠልስቱ ነው፡፡ በእነዚያ ቀናት እንጀራው የተሟጠጠውን ጉልበት ይመልሳል፤ ሽሮው የተጎዳውን ይጠግናል፤ እንቅልፍም ሥራውን ይሠራል፡፡

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በጉና ግርጌ የሚያርስ ገበሬ ይህን ሳያነብ ያውቀዋል፡፡ የደከመ መሬቱን ጦም ያሳድረዋል፡፡ ጦም ያደረ መሬት ግን የሞተ መሬት አይደለም፤ ለመጪው ክረምት ኃይሉን የሚሰበስብ ነው፡፡

አበበንም ዛሬ ሳስበው ሌላ ሰው ሆኖ ይታየኛል፡፡ ያ ሣር ላይ የተንጋለለው አለመድከሙን የሚያሳይ ጀግና ሳይሆን፣ ያገለገለውን ሰውነት በቀስታ ወደ ዕረፍቱ የሚመልስ አዋቂ ነው፡፡

ለወንድሜ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፡፡ እጁን ይዤ፣ ለዓመታት ከእሱ የደበቅሁትን፣ ከጭኔ ኋላ ጡንቻው የጎደለበትን ሥፍራ አስነካሁት፡፡ ጣቱ እዚያው ቆየ፡፡

አንዱን ጫማ ፈታ፡፡ ሁለተኛውን እንዳሰረ ግን ረዥም ሰዓት ቁጭ አለ፡፡