ከሥዕሉ የጎደለው ሰው

የካርቱን ሥዕል ማንበብ ቀላል ይመስላል። አፍንጫው የረዘመ፣ ሆዱ የተነፋ ሰው አይተን እንስቅና ገጹን እንገልጣለን። ስለ ቅኝ ገዢዎች የተሳሉት የድሮ ካርቱኖች ግን እንደ ቅኔ ናቸው። ሰሙ ላይ ላዩን ይታያል፤ ወርቁ የሚገኘው ቆም ብሎ ለፈለገ ነው።

እዚህ ጎፋ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ አለ። የታሪክ የቤት ሥራ ሲከብደው ወደ እኔ ብቅ ይላል። በቀደም ሁለት ሥዕሎች ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እነዚህን አብራሩ ተብለናል» አለኝ።

አንደኛው በ1892 እ.ኤ.አ. ፓንች በተባለው የእንግሊዞች የቀልድ መጽሔት ላይ የወጣው፣ ሊንሊ ሳምቦርን የሳለው የሴሲል ሮድስ ካርቱን ነው። ሮድስ አንድ እግሩን ኬፕታውን፣ ሌላውን ካይሮ ተክሎ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ በሁለት እጁ ዘርግቷል።

«ማን ገዘፈ?» አልኩት።

«ሰውዬው።»

«ማንስ አነሰ?»

ፈለገ፣ ፈለገ። «ሌላ ሰው የለም እኮ!»

ወርቁ ይኸው ነበር። ከሮድስ እግር ሥር ያለችው አፍሪካ ባዶ ካርታ ናት። ባዶ ቤት ያገኘ ደግሞ «የኔ ነው» ይላል። ያኔ ምኒልክ ከነገሡ ሦስት ዓመት አልፏል፤ በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ሳቢያም ከጣሊያን ጋር ውዝግብ ላይ ነበሩ። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. «ቤቱ ባለቤት አለው» የሚለው መልስ ዐድዋ ላይ ተሰጠ።

ሁለተኛውም ከዚያው መጽሔት ነው። በርናርድ ፓርትሪጅ የሳለው በነሐሴ 1935 እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያን ልትወረን ሁለት ወር የማይሞላ ጊዜ ሲቀራት ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን «ያስጠነቅቁታል»። ማስጠንቀቂያው ምን መሰላችሁ? ጦርነት ከጀመርክ ቅር መሰኘታችንን በለስላሳው የሚገልጽ የጋራ ማስታወሻ ምናልባት እናወጣ ይሆናል ነው! ሠዓሊው የገዛ መንግሥቱን ነው የተሳለቀበት። ልጁም «ይኼኛው ለእኛ ወግኗል» ብሎ ደስ አለው። ወግኗል፤ ግን ዱላው የሚያርፍበት ሰው እዚህም የለም። የሚያዝንልን ሰው እንኳ ሲስለን ሊረሳን ይችላል።

የእኛ ሠዓሊዎች የራሳቸው ፊደል አላቸው። በባህላዊው የዐድዋ ሥዕል ወገን ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ጠላት በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ይህን ስነግረው ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «ጋሼ፣ በእኛስ ሥዕል የጎደለ የለም?» አይለኝም!

ጥያቄው ከሰፈራችን ስም አይርቅም። ጎፋ የደቡብ አገር ስም ነው፤ አገሩ ወደ ምኒልክ ግዛት የተጠቃለለውም በዚያው ዘመን፣ በጦር ነው። ያንን ዘመቻ በጎፋ ሰው ዓይን የሚያሳይ ሥዕል እኔ አላየሁም። ማን በሁለት ዓይን፣ ማን በአንድ ዓይን ይሳል ነበር?

ይህ ጥያቄ ዐድዋን ያሳንሳል ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም። እኔ ግን አይመስለኝም። የሮድስን ካርታ «ሰው የት ሄደ?» ብለን ከጠየቅን፣ የራሳችንን ግድግዳም እንዲሁ መጠየቅ አለብን። ዐድዋ በዚህ አታንስም፤ ሰው ይጨመርባታል እንጂ።