የአንዲት በግ አማና



በላስታ ደጋ አንድ እንግዳ ሰው ሲመጣ፣ ስሙ ከመጠየቁ በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። የአባቱን ስም ሲናገር ደግሞ «የእሱስ አባት?» የሚል ይከተላል። ከቡግና እስከ ግዳን፣ ከላሊበላ እስከ ኩልመስክ ይህ ጥያቄ የወሬ ማሟሟቂያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከ1967 ዓ.ም በፊት በሰሜኑ ደጋ የእርሻ መሬት በአብዛኛው የሚገኘው በርስት ነበር። ርስት ደግሞ በአባትም በእናትም ወደ ላይ እየተቆጠረ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ይወጣል። ስለዚህ ትውልዱን መቁጠር የማይችል ገበሬ ዳኛ ፊት ቆሞ «ድርሻዬን» ለማለት አፍ አልነበረውም። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ ማስጠናት በዚያ ዘመን መሬትን እንደ ማስመዝገብ ያለ ነገር ነበር።

ታዲያ ርስት የሌለው ሰው ለምን ይቆጥራል? በብዙ የሰሜን ደጋ አካባቢ ሙስሊሞች የርስት ባለመብት አልነበሩም። ይነግዳሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፣ ወይም የሰው መሬት በእኩል ያርሳሉ። የእኛም ወገኖች ከእነዚሁ ነበሩ። ሆኖም ቆጠራውን አልተዉም። ለምን እንዳልተዉት ግልጽ የሆነልን ሠላሳ ዓመት ካለፈን በኋላ፣ በአንዲት በግ ምክንያት ነው።

በሩቅ አገር የአንድን ገበሬና ከብት አርቢ ዘር የሚፈልግ ሰው ሥራው ቀላል ነው ባንልም ወረቀት አለው። በአሜሪካ ሜዳማ አገሮች የሰፈረ ገበሬ በ1862 (እ.ኤ.አ) በወጣው ሕግ 160 ኤከር መሬት ሲወስድ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከ1790 (እ.ኤ.አ) ጀምሮም በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል። የልጅ ልጁ መዝገብ ቤት ገብቶ የአያቱን ዕድሜና የልጆቹን ስም ሊያነብ ይችላል። በእኛ አገር የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም ነው። ከእሱም ለሕዝብ የወጣው አኃዝ እንጂ የማንም አባት ስም አይደለም። የላስታ ገበሬ መዝገብ የሽማግሌ ምላስ፣ አንዳንዴ የቁርአን የመጨረሻ ባዶ ገጽ፣ አንዳንዴም የከብት መልክ ነው። «ቡሬው በሬ የሞተ ዓመት ተወለደ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቡሬው የሞተበትን ዓመት ማወቅ ደግሞ ሌላ ጥናት ነው!

ወደ ጉዳዩ እንግባ። የአባታችን ታላቅ እህት የሆኑት አክስታችን ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ተዳፋት ላይ ይኖራሉ። አንድ የረመዳን ማታ፣ መድረሳ እንደ ቀራንና ትምህርት ቤት እንደምናስተምር እያወቁ፣ በሁለቱም እውቀት መጠቀም እንደሚፈልጉ ነገሩን። «ልጄ፣ አንገቴ ላይ ያለ ነገር አለ። ሳልከፍለው ቀብር መግባት እፈራለሁ» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1977 ዓ.ም ወንድማቸው፣ የእኛ አጎት፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በሠፈራ ሲሄድ ሦስት በጎች በአደራ ሰጥቷቸው ነበር። ሁለቱ በድርቁ ሞቱ። ሦስተኛዋን አክስታችን በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ሸጠው ለልጆቻቸው ገብስ ገዙባት።

እኛ ያኔ አልተወለድንም። የዚያን ዓመት ረሃብ የምናውቀው ከንባብና ከታላላቆቻችን ነው። መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ፤ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል። ፈልጎ የሄደ አለ፤ ተገዶ የተጫነም አለ። አጎታችን የትኛው እንደነበር አክስታችን ሲጠየቁ «ልጆቹን ይዞ ሄደ» ብቻ ይላሉ።

አንድ ዓሊም ዘንድ ሄደን ጠየቅን። አደራ ተቀባይ ሳያጠፋ ከሞተበት ዕዳ የለበትም፣ ሸጦ ከተጠቀመበት ግን ዕዳው እሱ ላይ ነው አሉን። ለአክስታችን ስንነግራቸው ስለ ሁለቱ በጎች ዕፎይ አሉ፤ ስለ ሦስተኛዋ ደግሞ «አላልኳችሁም?» አሉ። በዚያን ጊዜ ዋጋ ይመለስ ወይስ በዛሬ ዋጋ የሚለውን ልንጠይቅ ስንነሳ፣ «በግ በላሁ፣ በግ እመልሳለሁ» ብለው ዘጉት።

ለማን ይመለስ? አጎታችን በ1980ዎቹ ወለጋ ውስጥ መሞቱን በሰው ሰምተን ነበር። ዕዳው እንግዲህ የወራሾቹ ሆነ። ወራሾቹን ለማወቅ ደግሞ ሰውየው በሞተ ዕለት እነማን በሕይወት እንደነበሩ ማወቅ ግድ ነው። በፈራኢድ ትምህርት ሟችን፣ ሚስትን፣ ወንድና ሴት ልጅን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስናካፍል ሰዎቹ ስም አልነበራቸውም። አሁን ስምም፣ አድራሻም፣ በሕይወት መኖርም ያስፈልግ ጀመር። ለአንዲት በግ ሲባል የቤተሰቡ ታሪክ ሁሉ ይመረመር ዘንድ ግድ አለን።

ደብዳቤ ጻፍን፣ መልስ አልመጣም። ወደ ወለጋ የሚመላለሱ ነጋዴዎችን ጠየቅን፤ «የወሎ ሰው እዚያ ብዙ ነው፣ የትኛው?» አሉን። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልድያንና ላሊበላን ሲደርስ እኛም የራሳችንን ሰው መፈለግ ያዝን። ከዚያ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም በምዕራብ ወለጋ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። ከእነዚያ ብዙዎቹ በዚያው በ1977ቱ ሠፈራ ከወሎ የሄዱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሙስሊሞችም ይበዙባቸዋል። አክስታችን ሬድዮውን አዘጉና «በጓን ተዋት፣ ልጆቹን ፈልግልኝ» አሉ።

የተገኘችው ያልፈለግንበት ቦታ ነው። በደቡብ ወሎ ከወለጋ ተፈናቅለው ከተጠለሉት መካከል ሕፃናት የሚያስተምር አንድ የሙያ ባልደረባችን ነበር። እሱ ዘንድ ልጆቿን ልታስመዘግብ የመጣች ሴት፣ የልጆቿን አባትና አያት ስም ብትጠየቅ፣ የራሷን ወገን ጨምራ እስከ ሰባት ቆጠረችለት። «ይኼን ሁሉ ማን ጠየቀሽ?» ቢላት፣ «አባቴ ማታ ማታ ያስጠናን ነበር፤ መሬታችንንም ቤታችንንም ትተን ይህን ይዘን መጣን ይል ነበር» አለችው። ላስታ የሚለውን ሲሰማ ባልደረባችን ደወለልን። የአጎታችን ልጅ ናት። ስትሄድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስትመለስ እናት ሆና፣ አንድ ወንድሟን እዚያው ቀብራ ነው። አላህ ይዘንለት። ስለዚያ ብዙ አልጠየቅናትም።

አሁን ቆጠራው ሁለት ሆነ። የአክስታችን ስድስት ስም፣ የእሷ ሰባት ስም። እስከ ቅድመ አያታችን አንድ ነው፤ ከዚያ በላይ በእሷ ቆጠራ «ወልደ» ብሎ የሚጀምር ስም ይገባል። በሙስሊም ስሞች መካከል የተሰካ የክርስትና ስም! ስናነብላቸው አክስታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቆይተው ግን ተናገሩ። ሁለት ሰው አይደለም፣ አንድ ሰው ነው፤ አባታቸው ያንን ስም እንዳያነሱ ከልክለዋቸው ነበር። ወንድማቸው ግን ወለጋ ሲገባ ለልጆቹ አልደበቀም። ልጆቹ ሁለቱን ስም አባትና ልጅ አድርገው ያዙት እንጂ።

ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ1870 ዓ.ም ከደሴ አቅራቢያ በሚገኘው ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጠሩት ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተወሰነ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ሼኽ ጦልሐን የመሰሉ እምቢ ብለው የታገሉ አሉ፤ የተሰደዱ አሉ። «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም» የተባሉም አሉ። የቅድመ አያታችን አባት የጁ ሳለ ከሦስተኞቹ ነበር። ከዚያ ማንም ወደማያውቀው ወደ ላስታ ደጋ ወጣና በመጀመሪያ ስሙ ኖረ። በእኛ አስተያየት ይህ ስም የሚያሳፍር አይደለም፤ በሰይፍ ሥር የተሰጠ ስም ነው። ደግሞም ላስታ ውስጥ የተቀበሉትና የሚግጥ መሬት የሰጡት ክርስቲያን ጎረቤቶች መሆናቸውን የአጎታችን ልጅ ከአባቷ ሰምታ ነግራናለች። የዚያ ዘመን ወሎ በአንድ ቀለም አይጻፍም።

ሌላም ነገር አመጣችልን። እኛ ከጥንት ሸማኔዎች ነን ብለን ነበር የምናምነው። እሷ ግን «ባለ መንጋ ነበር» ትላለች። ስናስበው ልክ ነው። መጤና ሙስሊም በመሆኑ ርስት የማይደርሰው ሰው ሀብቱን በምን ላይ ያኖራል? በእግሩ በሚሄድ ነገር ላይ! የአሞሌ ጨው ከሰቆጣ ገበያ እየጫነ ትርፉን በከብት ይለውጥ ነበር። በጎቹ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ እየወጡ ጓሳ ይግጣሉ፤ ላሞችን ላም ለሌለው ጎረቤት ለርቢ ይሰጣል፣ ጥጃ በድርሻ ይካፈላሉ። አንድ በሬ ካለው ገበሬ ጋር ተቀናጅቶ ገብስ ያርሳል። ያ ተራራ 4,260 ሜትር ገደማ ነው፤ በበልግ ካልዘነበ ገብሱ የለም፣ ገብሱ ከሌለ ከብት ይሸጣል። ከብት በደጋው የችግር ቀን ገንዘብ ነበር።

በ1880 ዓ.ም ገደማ ግን ገንዘቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሞተ። ለጣልያን ጦር በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የከብት ደስታ በሽታ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ዝናቡም ጠፋ። እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀው ክፉ ቀን የሚባለው ይህ ነው። ርስት ያለው ሰው በሬው ቢሞት መሬቱ ይቀርለታል፤ የእኛ ሰው ግን ከመንጋው ሌላ ምንም አልነበረውም። ልጁ፣ ማለትም ቅድመ አያታችን፣ ሸማኔ ቤት የገባው ያኔ ነው። ከዚያ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ድረስ ቤተሰቡ በስሙ አንድ ጥማድ እርሻ አልነበረውም። አጎታችን በአዋጁ መሬት ባገኘ በአሥር ዓመቱ ጥሎት ሄደ። ሦስቱ በጎች የዚያ የአሥር ዓመት ጥሪት ትርፍ ነበሩ።

ስሞቹን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ስንስል አንድ ነገር ከነከነን። ቆጠራው ሁሉ ወንድ ብቻ ነው። ያስጠኑትና የጠበቁት ግን አክስታችንና የአጎታችን ልጅ ናቸው! ስለዚህ እናቶችን አንድ በአንድ እየጠየቅን አስገባን። ከአያታችን እናት በላይ ሲሆን «የእከሌ አገር ሴት» ከማለት በቀር ስም ጠፋ። እናንተም ወጣቶች፣ እናት አባቶቻችሁ ሳሉ በዚህ በኩል ጀምሩ፤ ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው።

ወራሾቹ በመጨረሻ ታወቁ። አጎታችን ሲሞት ሚስቱ፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩ። ሚስት ስምንተኛውን ትወስዳለች፤ ቀሪው ለልጆች፣ ለወንድ የሴት እጥፍ። ከስምንት ተነስቶ ወደ አርባ ይወጣል፦ ሚስት 5፣ ወንዶቹ 14 14፣ ሴቷ 7። እህት ከወንድ ልጅ ጋር አትወርስምና ለአክስታችን ምንም የለም። በኋላ የሞቱት የሚስትየውና የአንደኛው ልጅ ድርሻ ደግሞ ወደየወራሾቻቸው ይወርዳል። ለአክስታችን ስናስረዳ «አንድ በግ አርባ ቦታ!» ብለው ሳቁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

በጓ ከዚያው ከቅዳሜ ገበያ ተገዛች። ሴት በግ ናት፤ መርጠው የገዙ ራሳቸው ናቸው። የአጎታችን ልጅ መጠለያ ውስጥ በግ የምታስርበት ስለሌላት «እርስዎ ዘንድ ትሁን አክስቴ፣ ስትወልድ እንካፈላለን» አለች። አክስታችን ደነገጡ፤ «ደግሞ አደራ?» አሉ። አብሽሩ ብለን በደብተር ወረቀት ውል ጻፍን፣ ሁለት ምስክር ፈረሙ።

የቀረው ወለጋ ያለው ወንድም ነው። መስመር ሲገኝ ደወልንለት። «ለአክስቴ ዐፍው ብያለሁ በሏት፣ የበግ ጊዜ አይደለም» አለ። አክስታችን ስልኩን ከእጃችን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ዐፍውህን ሰምቻለሁ፤ አላህ ይቀበልህ። 14ቱ ግን ተጽፏል፤ መጥተህ ፊቴ በለው» አሉት። መስመሩ ተቋረጠ። በጓ ያን ሳምንት አርግዛለች ተብሏል።